ዳቦ የሌለበት የዳቦ መኪና

ከአዲስ አበባ አምቦ በሁለት ሰዓት ገባሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም ብዬ አየዋለሁ። መንገዱ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው፤ ሊደረስ ይችላል። ግን ያ ሰው ሆለታ ላይ ወተት አልጠጣም፣ አዲስ ዓለም ላይ ማርያምን አልተሳለመም፣ ጊንጪ ላይ ቡና አልተፈላለትም ማለት ነው። ከተጫነ ጆንያ በምን ይለያል?

እኔ በዚህ መንገድ በአውቶቡስም፣ በሚኒባስም፣ አንዴም በእህል መኪና ሄጄበታለሁ። መኝታ ቤትና ወጥ ቤት ጭኜ የሄድኩበት ግን በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፤ ዳያስፖራው በአውሮፕላን ሙሉ እየመጣ "አገሬን ልይ" ይል በነበረበት ሰሞን። ነገሩን ያመጣው የአጎቴ ልጅ ነው።

የአጎቴ ልጅ ሚኒሶታ ይኖራል። እዚያ አንዲት ተጎታች አለችው፤ ፎቶዋን ከልጆቹ ፎቶ አስቀድሞ ነው የሚያሳየው። ፊቷ ወፈር ብሎ ኋላዋ የሚቀጥን፣ በጎን ሲያዩዋት የውሃ ጠብታ የምትመስል ሳጥን ናት። ውስጧ ፍራሽ ብቻ ነው፤ ቆመው ሳይሆን ተንፏቀው ነው የሚገቡባት። የኋላ ክዳኗ ወደ ላይ ሲነሳ ወጥ ቤት ብቅ ይላል፤ ምድጃ፣ መደርደሪያ፣ የቡና ዕቃ። አሜሪካኖቹ ይህን ነገር ያስለመዱት በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ፣ ኢኮኖሚያቸው ወድቆ የሰው ኪስ በሳሳበት ዘመን ነው። ለሆቴል የሚከፍለው ያጣ ሰው ኮምፔርሳቶ ገዝቶ ጓሮው ውስጥ ራሱ ይሠራታል። አራት በስምንት ጫማ የሆነውም ልኳ የኮምፔርሳቶው ልክ ነው። በዚች ሳጥን የአጎቴ ልጅ ከሚኒሶታ እስከ ሞንታና ሄዷል። ማንንም ሳያስቸግር፣ ማንም ሳያስቸግረው። ይህችን "ማንም ሳያስቸግረው" የምትለውን ደጋግሞ ይላታል።

"እዚህም አንድ እናሠራ" አለ፣ በመጣ በሳምንቱ።

ላሜራ ሠራተኛው ፎቶውን አገላብጦ አየና የጠየቀው አንድ ነገር ነው። "ተጎታች ከሆነ ሰሌዳ ይፈልጋል፣ ቦሎ ይፈልጋል። መቼ ነው የምትመለሰው?" የአጎቴ ልጅ የቀሩትን ሳምንታት ነገረው። ሰውየው ሳቀ። ስለዚህ መጎተቱ ቀርቶ ሳጥኑ ከአንድ ወዳጃችን በተዋስናት አሮጌ ሃይሉክስ ላይ እንዲጫን ተስማማን። ጠብታነቱም ቀረ፣ ላሜራ ማጠፍ ሌላ ሒሳብ ነውና፤ አራት ማዕዘን ሆነ። ላሜራ ደግሞ ወደ አገራችን የሚመጣው አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ተቆርጦ ነው፤ ሳጥኑም ሁለት ሜትር ሆነ። ከዚያ ላይ አርባ ሳንቲሙን ወጥ ቤቱ ወሰደ። የአጎቴ ልጅ ቁመት አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት ነው። ይህን ለሠራተኛው ስንነግረው "ታጥፎ ይተኛላ" አለን። መጨረሻ ላይ ዝገት እንዳይነካው ብሎ ብርማ ቀለም ቀባው። መዘዙ ያ ቀለም ነው።

ጠዋት በአስኮ በኩል ወጣን። ቡራዩ ላይ፣ ድንጋይ ከጫነ ሲኖትራክ ኋላ ተሰልፈን ስንጠብቅ አንዲት ሴትዮ መስኮቱን አንኳኳች።

"ባለ ስንት ነው?"

"ምኑ?"

"ዳቦው ነዋ።"

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በየሱቁ ደጅ ጠዋት ጠዋት የሚቆም፣ ኋላው ላይ ብርማ ሳጥን የተጫነ ፒክአፕ አንድ ሥራ ነው ያለው። የአጎቴ ልጅ "ዳቦ የለም፣ ፍራሽ ነው" ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። ሴትዮዋ ፍራሹንም ዋጋ ጠየቀችው።

ሆለታ ላይ ወተት ጠጣን። ሆለታ የወተት አገር ናት፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉም፣ ደጋው አየርም፣ ድቅል ላሞቹም እዚያው ናቸው። የገነት ጦር ትምህርት ቤትም እዚሁ ነው። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች ያሠለጥኑባት የነበረችው ትምህርት ቤት፣ ጣሊያን ሲገባ ካዴቶቿ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወደ ምዕራብ ወጥተው የጥቁር አንበሳን ጦር ካቋቋሙት ጋር ተሰልፈዋል። ይህን ለአጎቴ ልጅ ስተርክለት እርሱ ከወተት ቤቱ ልጆች ጋር ተፋጦ ነበር። "ዳቦ! ዳቦ!" እያሉ ሳጥኑን ይደበድባሉ።

አዲስ ዓለም ስንደርስ ነገሩ ከዳቦም አለፈ። ማርያምን ልንሳለም መኪናዋን ዛፍ ጥላ ሥር አቆምን። የአጎቴ ልጅ ሙቀት እንዳይታፈን ብሎ የኋላ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አደረገው። ነጭ አንሶላ የለበሰው ፍራሽ በስንጥቁ ታየ። ከበር የቆሙ አንድ ሽማግሌ አዩትና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀረብ ብለው በዝግታ "ከየት ነው የመጣችሁት?" አሉ።

"ከአዲስ አበባ፣ አባባ።"

"ወዴት ነው?"

"ወደ አምቦ።"

"እግዜር ያጥናችሁ ልጆቼ። ዕድሜው ስንት ነበር?"

የአጎቴ ልጅ ስለ ሳጥኑ የተጠየቀ መስሎት "ገና አዲስ ነው፣ ሳምንትም አልሞላው" አላቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ነገሩን ለማስረዳት ስል ክዳኑን ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ድስት፣ ጀሪካን። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው ጣል አደረጉና እኛን ሳይሆን ሰማዩን እያዩ "ጉድ ነው" ብለው ሄዱ። አልቀየምኳቸውም። ሐዘናቸውን ነው ያባከንባቸው።

ማርያም የቆመችበት ግቢ ራሱ የመሄድና የመቅረት ታሪክ አለው። ዓፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ሲቸገሩ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዞሩ አስበው ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር። የቀድሞ ነገሥታት ድንኳናቸውን ነቅለው እንጨትና ሳር ወዳለበት መሄድ ልማዳቸው ነበር፤ ምኒልክም ያንኑ ሊያደርጉ ነበር። በኋላ ባሕር ዛፉ ጸደቀና አዲስ አበባ ባለችበት ቀረች፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እኔ በበኩሌ ያ ባሕር ዛፍ ባይበቅል ኖሮ ዛሬ የምንጨናነቅበት ቀለበት መንገድ አዲስ ዓለም ላይ ይሆን ነበር እላለሁ። ኦሎንኮሚን ሳንቆም አለፍናት፤ እዚያ ማንም ዳቦ አልጠየቀንም።

ጊንጪ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን የቡናው ጭስ ሸተተን። መንገድ ዳር በሸራ የተጠለለች ቤት ናት፤ ደጇ ላይ ከነቀምት የሚመጡ የጭነት መኪኖች ተደርድረዋል። ባለቤቷ ገና ከመኪናው ሳንወርድ "ኮታ፣ ቡነ ዱጋ" አለችን፤ ኑ ቡና ጠጡ። የአጎቴ ልጅ በኦሮምኛ እንደ ጅረት መለሰላት። እኔ እዚህ አገር እየኖርኩ የምንተባተብበትን ቋንቋ እርሱ ሚኒሶታ ከጎረቤቶቹ ተምሮታል።

ሴትዮዋ ቡናውን ከጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በውሃ አሽታ አጠበችው፤ ገለባው ተንሳፈፈ፣ በእፍኟ ገፍፋ ጣለችው። ብረት ምጣዱ ላይ ስትበትነው መጀመሪያ እንፋሎት ብቻ ነበር። በጭልፋ እያማሰለች አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቡናማ ሄደ። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር እጇን ፈጠን አደረገች። ዘይቱ ወጥቶ ሲያብረቀርቅ ምጣዱን አንስታ ጭሱን በየተራ አዞረችልን፤ ሾፌሮቹ በእጃቸው ወደ ፊታቸው እየሳቡ "የወለጋ ቡና" አሉ። ልጇ በሙቀጫ ሲወቅጥ ቁጭ ያልንበት መደብ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጀበናዋ ከሰሉ ላይ ሆና አንዴ ገንፍላ አንዴ ተመልሳ፣ ከዚያ አጋድማ አስቀመጠቻት፤ አተላው እንዲሰክን።

የአጎቴ ልጅ እስከዚህ ዝም ብሎ ካየ በኋላ ሰዓቱን አይቶ "እኔ በአምስት ደቂቃ አደርሰዋለሁ" አለ። ማንም እንወራረድ አላለውም። ሄዶ የሳጥኑን ክዳን ከፈተ። የእጅ መፍጫ፣ የወረቀት ማጥለያ፣ መዳፍ የምታህል የጋዝ ምድጃ አወጣ። ሾፌሮቹ ከበቡት። ውሃውን በክብ በክብ እያዞረ፣ ጠብ ጠብ እያደረገ አጠለለው፤ ቀላ ብሎ ወረደ፣ የሲኒው ታች ይታያል። የመጀመሪያውን ሲኒ ለባለቤቷ ሰጣት። እርሷም በሁለት እጇ ተቀብላ ፉት አለችና ጥቂት አሰበች።

"ጥሩ ነው" አለች። "ለታመመ ሰው ይሆናል።"

አንዱ ሾፌር ደግሞ "ስኳር ጨምሩበትና ሻይ በሉት" አለ። የአጎቴ ልጅ ዕቃውን ሰብስቦ መደቡ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። "በጨው ነው በስኳር?" ተብሎ ሲጠየቅ በጨው አለ። ጤና አዳም ጣል የተደረገበት አቦል ቀረበለት። አቦሉ ላይ ስማችንንና አገራችንን ተጠየቅን። ቶናው ላይ ዘመድ መቁጠር ተጀመረ፤ አንዱ ሾፌር የአጎቴ ሰፈር ልጅ ሆኖ ተገኘ። በረካው ላይ የአጎቴ ልጅ ለምን እስካሁን አገሩ ላይ ቤት እንዳልሠራ በሸንጎ ቀረበበት። ሳጥኑን በእጁ አሳየ። ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። በእኔ ግምት የአምስት ደቂቃው ቡና የተሸነፈው በጣዕም ብቻ አይደለም፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም።

ከጊንጪ በላይ ባለው ደጋ አዋሽ ይነሳል። እነ ጭልሞ ጫካ፣ እነ ደንዲ ሐይቅ በዚያው ወገን ናቸው። ቆቃን የሚሞላው፣ ሸንኮራውን የሚያጠጣው፣ አፋር ገብቶ ባሕር ሳያይ የሚቀረው ወንዝ በዚህ አገር ልጅ የሚዘልለው ጅረት ነው።

አምቦ የገባነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። በየሻይ ቤቱ የሃጫሉ ሁንዴሳ ድምፅ ይሰማል፤ የከተማው ልጅ ነው፣ ያኔ በሕይወት ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የተወለደው በ1928 ዓ.ም. ከአምቦ ብዙም በማትርቀው ቦዳ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎችን ያፈራ አካባቢ ስለ ውሃው ብቻ መነሳቱ ያስቆጨኛል፤ ግን እኛም የሄድነው ስለ ውሃው ነው። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ሰንቀሌ ላይ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው ውሃ ጋዙ ከመሬት ነው። በፍል ውሃው ገንዳ ዋኘን፤ ስንወጣ አንድ ሳጥን አምቦ ውሃ ገዛን። ሆቴል እንያዝ አልኩ። የአጎቴ ልጅ "ታዲያ ሳጥኑን ለምን አሠራነው?" አለ። መልስ አልነበረኝም፤ ወደ ወሊሶ በሚወስደው የወንጪ መንገድ ሽቅብ ወጣን።

አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ናት፤ ወንጪ ደግሞ ከ3,000 በላይ። በዚህ መሐል ያለው ልዩነት በጥር ሌሊት አጥንት ላይ ይነበባል። አንድ የግጦሽ ሜዳ ዳር አቆምን። ክዳኑን ስንከፍት ጀሪካኑ በመንገዱ መናወጥ ተሰንጥቆ ውሃው በሙሉ ፍራሹ ውስጥ ገብቷል። ለቡና የቀረን አምቦ ውሃ ብቻ ነው።

የአጎቴ ልጅ "ውሃ ውሃ ነው" አለ። አምቦው ድስቱ ላይ ሲንሿሿ ቆየ። ለብ ሲል "ጋዙ ወጥቷል" አለና የተፈጨውን ቡና አንዴ ገለበጠበት። አረፋው ተነስቶ ድስቱን ሞላ፣ ከድስቱ አልፎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፣ እሳቱን አጠፋው፣ ከዚያም በላሜራው እየወረደ ወደ ፍራሹ ሄደ። የተረፈችውን ቀመስናት። በውሃው ያለው ማዕድን የቡናውን ኮምጣጣነት ገድሎት ሳሙና ሳሙና ይላል። አምቦ ውሃ ለሆድ፣ ለሎሚ፣ ለወይን ይሁን። ለቡና አይሁን።

በዚህ መሐል ውሻ ጮኸ። ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ አዛውንት ከሁለት ልጆች ጋር በባትሪ እያበሩ መጡ። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ከብቱ፣ ልጁ፣ አገሩ ተጠየቀ። ከዚያ፣

"ምን ሆናችሁ? መኪናው ተበላሸ?"

"አይ አባባ፣ ደህና ነው። እዚሁ ልናድር ነው።"

"የት?"

የአጎቴ ልጅ ሳጥኑን አሳያቸው፤ በስልኩም የሚኒሶታዋን ተጎታች። አዛውንቱ ስልኩን አራቅ አድርገው አዩ።

"ቤት የለህም ልጄ?"

"አለኝ።"

"ታዲያ ሌላ ቤት ምን ያስጎትትሃል?"

"ሰው እንዳላስቸግር ነው።"

እዚህ ላይ ሽማግሌው ተቆጡ። "እንግዳ እኔ ደጅ በብርድ አደረ ተብሎ ነገ ገበያ ልወጣ ነው? ያንተ አለማስቸገር እኔን ስንት ዓመት እንደሚያስወራኝ ታውቃለህ?" አሉና ፍራሹን በእጃቸው ነካ አደረጉት። ረጥቦ ሲያገኙት ክርክሩ አለቀ፤ ወደ ቤት ተነዳን።

የወንጪ አካባቢ የእንሰትና የማር አገር ነው። ቆጮ በአይብ ቀረበልን፣ ማር ተጨመረ፣ ቡና ደግሞ እንደገና ከማጠብ ተጀመረ። የአጎቴ ልጅ ምድጃውን አላነሳም። በመደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎልን፣ በግርግዳው ማዶ ላሞቹ ሲያመሰኩ እየሰማን ተኛን፤ እርሱ እግሩን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ። ጅቡ ሩቅ ሆኖ ሲጮህ "መኪናዋስ?" አለኝ። "ልጆቹ አሉ" አልኩት።

እውነትም ነበሩ። ጠዋት ስንወጣ ሁለቱ ልጆች የሳጥኑን ክዳን ከውስጥ ዘግተው፣ በረጠበው ፍራሽ ላይ ቁርበት ደርበው ተኝተዋል። ሊጠብቁልን ገብተው እንዳደሩ ነገሩን። ትልቁ ልጅ መደርደሪያውን እየነካካ "ይህ ቤት በጣም ጥሩ ነው፣ ማንም አያስቸግርም" አለ። ከወንድሞቹ ጋር ባንድ መደብ ለሚተኛ ልጅ ነገሩ ይገባኛል። የአጎቴ ልጅ ግን ከላሜራ ቤት ጀምሮ ለሰማው ፌዝ ሁሉ ካሳ ያገኘ መሰለው፤ የእጅ ባትሪውንም ለልጁ ሰጠው።

ወደ ሐይቁ በፈረስ ወርደን፣ በጀልባ ተሻግረን፣ የደሴቲቱን ጨርቆስ ተሳልመን ተመለስን። ያኔ እዚያ የነበሩት የአካባቢው ሰዎች ማኅበር የሚያሰማራቸው ፈረሶችና ጀልባዎች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ "ገበታ ለሀገር" የተባለው ፕሮጀክት ደርሶ መንገዱም ማረፊያውም ሌላ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ እስከ ጉደር ዘለቅን። ብዙ ሰው ጉደርን የሚያውቀው ከወይን ጠርሙስ ላይ ነው። በጥር ፏፏቴው ሳስቶ ነበር፤ እኛን የገጠመን የከተማው ሰው ግን አልሳሳም። መኪናዋን ባቆምንበት ሁሉ ዳቦ ተጠየቅን፤ የአጎቴ ልጅ መጨረሻ ላይ ተሸንፎ ከዳቦ ቤት ገዝቶ ለልጆች ማደል ጀመረ። ይህ ደግሞ ዳቦ የለም ያልነውን ሁሉ ውሸት አደረገብን።

እርሱ ሚኒሶታ ገባ። ሃይሉክሷን ለወዳጃችን መለስን። ሳጥኑን ጥቂት ሰንብቼ ሸጥኩት፤ የገዛኝ ሰውዬ ፍራሹንና ወጥ ቤቱን አውጥቶ መደርደሪያ ብቻ አስገባበት። የአስኮ ሱቆች ዛሬም ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚቀበሉት ከዚያው ሳጥን ነው።

በዚያ መንገድ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ወሬ የአገሩን ሰው ጠይቁ፤ በቀን ሂዱ። ወንጪ ካደራችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ። ጀሪካን ሁለት ይሁን። የቡና ዕቃ ግን አትያዙ።